ስለ ሰንጠረዥ ጨዋታና ስለ ብላቴናው የዓለም ሻምፒዮን



«ሰንጠረዥ» የሚለውን ቃል ዛሬ በልጆቻችን ፊት ብንጠራ፣ ወዲያው የሚታሰባቸው በደብተራቸው ላይ በመስመር ተከፋፍሎ ቁጥር የሚሞላበት ነገር ነው። ቅድመ አያቶቻቸው ግን ቃሉን በሌላ ያውቁት ነበር። ሰንጠረዥ ማለት ነገሥታቱና መኳንንቱ ከማዕድ በኋላ ተቀምጠው የሚጫወቱት፣ ሁለት ሠራዊት በጨርቅ ላይ ተሰልፎ የሚዋጋበት የጦር ጨዋታ ነበር። ዛሬ በመላው ዓለም ቼዝ እየተባለ የሚጠራው ጨዋታ የእርሱ ወንድም ነው፤ ሁለቱም ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስና በዐረብ አገር በኩል ካለፈው ከአንድ አባት የተወለዱ ናቸው።

የእኛው ሰንጠረዥ በቀይ ጨርቅ ላይ በጥቁር ወይም በሰማያዊ መስመር 64 ቤት ተከፍሎ የሚዘረጋ ሲሆን፣ ቤቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ሰሌዳ ነጭና ጥቁር እየሆኑ አይፈራረቁም። በንጉሡ አጠገብ የሚቆመው ፈርዝ በአግድም ማዕዘን አንድ ቤት ብቻ የሚሄድ ትሑት አማካሪ ነው፤ ፊል የተባለው፣ ማለት ዝሆኑ፣ በማዕዘን አንድ ቤት ዘልሎ ያርፋል፤ ደርና ፈረስ ኀይለኞቹ ናቸው፤ በፊት የሚሰለፉት እግረኞችም መደቅ ይባላሉ። ከሁሉ የሚደንቀው ግን አጀማመሩ ነው። ጨዋታው ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ እጃቸው እንደ ፈጠነ፣ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፤ ይህም «ወረራ» ይባላል። ከሁለቱ አንዱ የሌላውን ጠጠር በገደለ ጊዜ ወረራው ያበቃና ከዚያ በኋላ ተራ በተራ ይሄዳሉ። በዙሪያው የተሰበሰበውም ተመልካች ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ይመክራል፣ ያደንቃል፣ ይከራከራል። ሎሌ ጌታውን በሰው ፊት «ይህ አያዋጣም» ለማለት የሚደፍርበት ሌላ ስፍራ በዚያ ዘመን ስለ መኖሩ እንጠራጠራለን። ማሸነፍም ብቻውን አያስመሰግንም ነበር፤ ንጉሡ በየትኛው ጠጠር እንደ ተያዘ ይታያል። በጉልበተኛው በደር መያዝ ተራ ነገር ሲሆን፣ በደካሞቹ አቀናብሮ መያዝ ግን የሊቅነት ምልክት ነበር።

ዐፄ ልብነ ድንግል ቢቺኒ ከተባለ የቬኒስ ሰው ጋር ይህን ጨዋታ ይጫወቱ እንደ ነበር በዘመኑ ተጽፏል። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልትም ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ እጅግ ይወዱ እንደ ነበር ሲጽፍ፣ ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተቀረጹ ትልልቅ እንደ ነበሩና የባላጋራን ጠጠር የሚገድለው ሰው በኀይል መትቶ ከስፍራው እንደሚያስወግደው አትቷል። እቴጌ ጣይቱም በገና ከመደርደራቸውና ቅኔ ከማወቃቸው ሌላ በሰንጠረዥ ብርቱ ተጫዋች እንደ ነበሩ ይነገራል። ሪቻርድ ፓንክኸርስት የዚህን ጨዋታ ታሪክና ሥርዓት ሰብስበው በ1963 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ባያወጡት ኖሮ ዛሬ ይህን ያህል እንኳ ለመናገር አንችልም ነበር፤ ምክንያቱም ጨዋታው ከመኳንንቱ አዳራሽ ጋር አብሮ ተዘግቷል።

ወደዚህ ነገር ያመጣን ግን የታሪክ ፍቅር ብቻ አይደለም። በአብነት ሰፈር የሚኖሩ፣ በመርካቶ በጨርቅ ንግድ የሚተዳደሩ አንድ የልጆች አባት ከዚሁ ጋር የተያያዘ ጥያቄ አቅርበውልናል። የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጃቸው ቼዝን ከጎረቤት ተማሪዎች ተምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ አስተማሪዎቹን ማሸነፍ ጀመረ። አሁን በአባቱ ስልክ ላይ ከማያውቃቸው የሩቅ አገር ሰዎች ጋር እየተጫወተ ሌሊቱን ያጋምሳል። አባትየው በሕንድ አገር አንድ ልጅ ትምህርቱን ትቶ በዚሁ ጨዋታ የዓለም ሻምፒዮን መሆኑንና ብዙ ገንዘብ ማግኘቱን ሰምተዋል። ነገሩ እውነት እንደሆነና፣ እውነት ከሆነም የእርሳቸውን ልጅ ከትምህርት ቤት ቢያስወጡት ይሻል እንደሆነ ጠይቀውናል። ጥያቄው የእርሳቸው ብቻ አይደለም፤ ልጃቸው በኳስ ወይም በዘፈን ወይም በሩጫ ያስደነቃቸው ወላጆች ሁሉ በልባቸው የሚያመላልሱት ነው።

ወሬው እውነት ነው፤ ነገር ግን መርካቶ እስኪደርስ ድረስ በመንገድ ብዙ ነገር አንጠባጥቧል።

ጉኬሽ ዶማራጁ ግንቦት 21 ቀን 1998 ዓ.ም. በደቡብ ሕንድ በቼናይ ከተማ ተወለደ። አባቱ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ቀዶ ጥገና ሐኪም፣ እናቱም የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያ ናቸው። ልጁ በሰባት ዓመቱ ቼዝ የጀመረው በትምህርት ቤቱ ውስጥ ሲሆን፣ የተማረውም በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ነበር። ይህን አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉልን እንለምናለን። አጀማመሩ የሌሊት እንቅልፍ አላሳጣውም፤ ከመምህር ፊትም አልራቀም።

በኅዳር 2006 ዓ.ም. በዚያው በቼናይ ከተማ ሕንዳዊው ቪስዋናታን አናንድ የዓለም ሻምፒዮንነቱን ለመጠበቅ ከኖርዌጂያዊው ከማግነስ ካርልሰን ጋር ተጋጠመ፤ ተሸነፈም። የሰባት ዓመቱ ጉኬሽ ከተመልካቾቹ መካከል ነበር። ሁለቱ ሰዎች በመስተዋት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሲያስቡ አይቶ፣ እርሱም አንድ ቀን በዚያ ክፍል ለመቀመጥ እንደ ተመኘ በኋላ ራሱ ተናግሯል። ከዚያ ወዲህ ያለው ሩጫ ነው ለማለት ይቻላል። ጥር 7 ቀን 2011 ዓ.ም. በ12 ዓመት ከ7 ወር ከ17 ቀን ዕድሜው ግራንድ ማስተር የተባለውን ከፍተኛ ማዕረግ አገኘ፤ በዚያን ጊዜ በዓለም ታሪክ በዕድሜ ከእርሱ የሚያንስ አንድ ሰው ብቻ ነበር። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ስምንት ሊቃውንት ለሻምፒዮኑ ተፎካካሪ ለመሆን ሲወዳደሩ፣ የ17 ዓመቱ ልጅ ሁሉንም ቀድሞ ወጣ።

የመጨረሻው ግጥሚያ በሲንጋፖር ነበር። ሻምፒዮኑ ቻይናዊው ዲንግ ሊረን፣ በዚያን ጊዜ የ32 ዓመት ጨዋና ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ በመንፈስ ጭንቀት ታሞ ከጨዋታ ርቆ እንደ ነበር ሳይደብቅ የተናገረ ሰው ነው። ውድድሩ 14 ጨዋታ ሲሆን፣ ላሸነፈ አንድ ነጥብ፣ እኩል ለወጣ ግማሽ ነጥብ ይሰጣል። የመጀመሪያውን ጨዋታ ዲንግ አሸነፈ፤ ሦስተኛውን ጉኬሽ መለሰ፤ ዐሥራ አንደኛውን ጉኬሽ፣ ዐሥራ ሁለተኛውን ዲንግ ወሰዱ፤ የቀሩት እኩል ወጡ። ስለዚህ የመጨረሻው ጨዋታ ሲጀመር ሁለቱም ስድስት ነጥብ ተኩል ነበራቸው።

ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ጨዋታው ለሰዓታት ቀጥሎ፣ በሰሌዳው ላይ ጥቂት ጠጠሮች ብቻ ቀርተው፣ ሊቃውንቱ ሁሉ እኩል እንደሚወጣ ተስማምተው ነበር። ጉኬሽ የነበረው ብልጫ አንድ እግረኛ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እጁን ዘርግቶ ይታረቅ ነበር፤ እርሱ ግን መጫወቱን ቀጠለ። በ55ኛው እርምጃ የደከመው ዲንግ ግንብ የተባለውን ጠጠሩን በማይገባ ቤት አኖረው፤ በዚህም ጠጠሮቹ ሁሉ ተለዋውጠው ባለቁ ጊዜ ያቺ አንዲት ትርፍ እግረኛ ጨዋታውን የምትወስን ሆነች። ብላቴናው ስሕተቱን ባየ ጊዜ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ውኃ ጠጣ፤ ራሱን አረጋጋ። ከሦስት እርምጃ በኋላ ዲንግ መሸነፉን አምኖ እጁን ሰጠ። ጉኬሽ በ18 ዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ። ከእርሱ በፊት በዕድሜ ትንሹ አከራካሪ ያልሆነ ሻምፒዮን ጋሪ ካስፓሮቭ ሲሆን፣ እርሱ በ1978 ዓ.ም. ማዕረጉን ሲይዝ 22 ዓመቱ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ነገር ስንመለከት እኛም ከማድነቅ አልተቆጠብንም። ልጁ እያለቀሰ በወንበሩ ላይ ቆየ፤ ከዚያም የተበታተኑትን ጠጠሮች አንድ በአንድ አንሥቶ በመጀመሪያ ስፍራቸው መልሶ ደረደራቸው። በኋላም ስለ ተሸናፊው ሲናገር፣ ዲንግ ብዙ ችግር ተሸክሞ እንደ እውነተኛ ሻምፒዮን የተዋጋ መሆኑን መሰከረለት። በአዳራሹ ደጅ አባቱ ቆመው ይጠብቁ ነበር፤ ተቃቀፉ።

እነዚህ አባት እንዴት ከዚያ ደጅ ሊቆሙ እንደ ቻሉ ነው በመንገድ የተንጠባጠበው ወሬ። ልጁ ከአራተኛ ክፍል በኋላ እንደ ሌሎች ልጆች በየቀኑ ክፍል መግባቱን መተዉ እውነት ነው። ነገር ግን ትምህርት ቤቱ ራሱ የቼዝ ተጫዋቾችን የሚያሳድግ፣ ነገሩን አውቆ የፈቀደ ትምህርት ቤት ነበር። አባትየው ከልጃቸው ጋር ከአገር አገር ለመዞር ሲሉ የቀዶ ጥገና ሥራቸውን አቆሙ፤ ቤቱን በደመወዛቸው የያዙት እናትየው ናቸው። በ2009ና በ2010 ዓ.ም. ገደማ ገንዘቡ እጅግ አጥሮ የወላጆቹ ወዳጆች እያዋጡ ልጁን ወደ ውድድር ይልኩ እንደ ነበር ጉኬሽ ራሱ ተናግሯል። በሲንጋፖር ለሁለቱ ተጫዋቾች የተመደበው ገንዘብ 2.5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ነበር፤ ወሬ ነጋሪ የሚያስታውሰው ይህን ነው። ሐኪም ቤቱን የዘጋ አባት፣ ብቻዋን ደመወዝ የምታመጣ እናት፣ ከኪሳቸው የሚያዋጡ ወዳጆች ግን በወሬው ውስጥ የሉም። ሁለት ሐኪም ቤትና ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ወላጆች ይህን ሲያደርጉ፣ ነገሩ ባይሳካ የሚመለሱበት ሙያ በእጃቸው እንደ ነበርም መዘንጋት የለበትም።

ስለ ስልኩ ጉዳይም አንድ ነገር እንጨምር። የጉኬሽ አሠልጣኝ ቪሽኑ ፕራሳና የተባለው ግራንድ ማስተር፣ ልጁ በኮምፒዩተር እርዳታ እንዲያስብ ለብዙ ዓመት አልፈቀደለትም። በዘመናችን የቼዝ ኮምፒዩተር ከማንኛውም ሰው ይልቅ ይበረታል፤ ትክክለኛውንም እርምጃ በቅጽበት ይነግራል። መምህሩ ይህን የከለከለው ልጁ መልሱን ከመቀበሉ በፊት በገዛ አእምሮው መፈለግን እንዲለምድ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላውን ብላቴና እንመልከት። ቦቢ ፊሸር በየካቲት መጨረሻ 1935 ዓ.ም. በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ተወለደ። በስድስት ዓመቱ እኅቱ ከከረሜላ መሸጫ የገዛችውን የቼዝ ጨዋታ፣ በሣጥኑ ላይ የተጻፈውን መመሪያ እያነበቡ ሁለቱ ተማሩት። እናቱ ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ፣ ለኑሮ የሚደክሙ ሴት ነበሩ። ልጁ ከሰው ተለይቶ በሰሌዳው ላይ መቅረቱ ስላስጨነቃቸው፣ አብሮት የሚጫወት እኩያ ለማግኘት በብሩክሊን ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ለማውጣት እስከ መሞከር ደረሱ። በ14 ዓመቱ የአሜሪካ ሻምፒዮን፣ በ15 ዓመቱ ግራንድ ማስተር ሆነ፤ በ16 ዓመቱ ትምህርቱን ጥሎ ወጣ። ነሐሴ 26 ቀን 1964 ዓ.ም. በአይስላንድ ዋና ከተማ በሬይክያቪክ የሶቪየቱን ቦሪስ ስፓስኪን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን በሆነ ጊዜ ዓለም ሁሉ ስሙን ጠራ።

ከዚያስ? በ1967 ዓ.ም. ማዕረጉን ለመጠበቅ አልቀረበም፤ ሳይጫወት ተወሰደበት። ሃያ ዓመት ያህል በአደባባይ አልተጫወተም። በ1984ና በ1985 ዓ.ም. መባቻ በዩጎዝላቪያ ከስፓስኪ ጋር እንደገና ሲጫወት የማዕቀብ ሕግ በመተላለፉ አገሩ የእስር ትእዛዝ አወጣችበት፤ በ1996 ዓ.ም. በጃፓን ተይዞ ወራት ታሰረ፤ በመጨረሻ አይስላንድ ዜግነት ሰጥታ ተቀበለችው። በጥር 2000 ዓ.ም. በ64 ዓመቱ በሬይክያቪክ ሞተ። በስጦታው ከጉኬሽ አያንስም ነበር፤ ይበልጣል የሚሉም ብዙዎች ናቸው። በእናቱ ላይ ለመፍረድ አንደፍርም፤ አንዲት ሴት ብቻዋን ሆና የቻለችውን አድርጋለች። ነገር ግን በደጅ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው ያልነበረው ልጅ ከሰሌዳው ሲነሣ ወዴት እንደሚሄድ አላወቀም ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የወላጅ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የስፍራም ጉዳይ ነው። አናንድ በ1980 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕንዳዊ ግራንድ ማስተር ሲሆን፣ ጨዋታውን ያስተማሩት እናቱ ናቸው፤ የበረታውም በቼናይ በነበረው የሶቪየት የባህል ማዕከል ቼዝ ክበብ ውስጥ ነው። ጉኬሽ ሻምፒዮን ሲሆን የሕንድ ግራንድ ማስተሮች ከ80 በልጠው ነበር፤ ከየትኛውም የሕንድ ክፍል ይልቅ ብዙዎቹ የወጡት ቼናይ ካለችበት ከታሚል ናዱ ነው። ልጁ ቀና ብሎ ሲያይ ከፊቱ አናንድ አለ፤ አናንድም የወጣቶች ማሠልጠኛ አቋቁሞ እርሱንና ጓደኞቹን መክሯል። በቡዳፔስት ይኖሩ የነበሩት የፖልጋር ባልና ሚስት ደግሞ ይህን ስፍራ በገዛ ቤታቸው ፈጠሩት። ሦስት ሴቶች ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ እያስተማሩ፣ እኅት ከእኅት ጋር እየተጫወተች አደጉ። ትንሿ ዩዲት በ1984 ዓ.ም. በ15 ዓመት ከ4 ወሯ ግራንድ ማስተር ሆና የፊሸርን የዕድሜ ክብረ ወሰን ሰበረች። ሴት ልጅ ያላችሁ አንባቢዎች ይህን ከእቴጌ ጣይቱ ጋር አብራችሁ ያዙልን።

ይህ ነገር ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። የጥያቄው ባለቤት የሚኖሩበት ሰፈር ስም ራሱ የጥንቱን ትምህርት ቤታችንን ያስታውሳል፤ የቅኔና የዜማ ትምህርት ቤት የአብነት ትምህርት ቤት ይባላልና። ድጓ ለማስመስከር የሚሻ ሰው ጋይንት ቤተልሔም ይወርዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት ለሚሻ ዙር አባ አለለት። ለምን እዚያ? የዚያ አገር ሕፃናት ከሌላው በተለየ ድምፀ መልካም ሆነው ስለሚወለዱ አይደለም፤ መምህሩ እዚያ ስለ ተቀመጠ፣ በመምህሩም ዙሪያ ጓደኛ ለጓደኛ የሚያቀናው ተማሪ ስላለ ነው። የቅኔ ተማሪ ቀኑን ሙሉ ብቻውን ሲቆጥር ውሎ ያገኘውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። የቼዝ ተማሪ የሚያደርገውም ይኸንኑ ነው።

በሩጫም ቢሆን ያው ነው። አርሲ ውስጥ ያለችው በቆጂ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራችው በአየሯና በተራራዋ ብቻ አይደለም፤ ስንታየሁ እሸቱ የተባሉ የስፖርት መምህር በዚያ ስለ ነበሩ ነው። ጥሩነሽ በ14 ዓመቷ ትምህርቷን ለመቀጠል ወደ አዲስ አበባ መጥታ የምዝገባው ጊዜ ቢያልፍባት፣ ከዚያው ሯጭ ከነበሩት ከእኅቷና ከዘመዷ ጋር ተቀምጣ በማረሚያ ቤቶች ክለብ ገባች፤ ነሐሴ 24 ቀን 1995 ዓ.ም. በፓሪስ በ5,000 ሜትር ስታሸንፍ በአትሌቲክስ የዓለም ሻምፒዮና ታሪክ በግል ውድድር በዕድሜ ትንሿ አሸናፊ ሆነች። ዕድሜዋ 18 ነበር፤ ልክ እንደ ጉኬሽ። በዚህች ልጅ ታሪክም የተዘጋ የትምህርት ቤት በር አለ፤ ነገር ግን በስተጀርባዋ መምህር፣ እኅት፣ ክለብና ማደሪያ ነበሩ።

በአብነትስ ምን አለ? ከሰባተኛ ወደ ዳርማር በሚወስደው መንገድ ዳር ሥራ በቀዘቀዘበት ሰዓት ያለፈ ሰው ያውቀዋል። ካርቶን ላይ ተሰምሮ፣ አንዱ ቆርኪውን በፊቱ፣ ሌላው በጀርባው ገልብጦ፣ ሊስትሮውና ተሸካሚው፣ የታክሲ ረዳቱና ባለሱቁ ዳማ ይጫወታሉ። ዙሪያውን የከበበው ሰው እንደ ጥንቱ የሰንጠረዥ ተመልካች ይመክራል፣ ይጮኻል። ሦስትና አራት እርምጃ አስቀድሞ የሚያይ ሰው ከእነዚያ መካከል ስለ መኖሩ አንጠራጠርም። ያጣው ነገር ቢኖር የሚያርመው መምህርና ነገ የሚያስጠብቀው ግጥሚያ ነው።

እንግዲህ ለጠየቁን አባት የምንመልሰው ይህ ነው። ልጁን ከትምህርት ቤት አያስወጡት። ጉኬሽ የወጣው ወደ መምህር ነው፤ የእርስዎ ልጅ ቢወጣ የሚሄደው ወደ ስልኩ ነው። ስልኩን ማታ ከራት በኋላ ይውሰዱበት፤ አይቆጡት፣ ምክንያቱን ይንገሩት። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት ይፍቀዱለት፤ ሻምፒዮኑ የጀመረው በዚህ ልክ ነውና ለልጅዎ አነሰ የሚል ሰው አይገኝም። በዚያችም ሰዓት ፊት ለፊቱ ሰው ይቀመጥ። በትምህርት ቤቱ ውስጥ ከጨዋታው ጋር የሚተዋወቅ መምህር ካለ ሄደው ያነጋግሩ፤ አምስትና ስድስት የሰፈር ልጆች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንድ ቤት እንዲሰበሰቡ ያድርጉ፤ ታናሽ እኅቱንም እርሱ ራሱ ያስተምራት፤ የሚያውቀውን ለማስረዳት ሲጥር ያላወቀውን ያገኛል። ሲሸነፍ እንዴት እንደሚሆን በተለይ ይመልከቱ። ጠጠሩን በትኖ የሚነሣ ከሆነ ገና ሕፃን ነው፤ የተሸነፈበትን እርምጃ ፈልጎ እንደገና የሚደረድር ከሆነ ግን ነገሩ ከጨዋታ እያለፈ ስለሆነ መምህር ፍለጋውን ያጠንክሩ። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ በከተማው ውድድር ታላላቆቹን ማሸነፍ ከጀመረ፣ ያን ጊዜ እናቱን፣ የትምህርት ቤቱን አስተዳዳሪና አሠልጣኙን በአንድነት አስቀምጠው ይምከሩ። ሱቁን ዘግቶ ከልጁ ጋር የሚዞረው ማን እንደሆነ፣ ቤቱንም የሚይዘው ማን እንደሆነ የሚነገረው ያን ጊዜ ነው እንጂ ዛሬ አይደለም።

የጨዋታውን ዕቃ ለመግዛት ገንዘብ ያጠራት ወላጅም አይጨነቅ። 32 ቆርኪ ሰብስቦ በየውስጡ ክብ ወረቀት ይለጥፍ፤ ለ16ቱ በቀይ፣ ለ16ቱ በጥቁር ቀለም የጥንቱን ስም የመጀመሪያ ፊደል ይጻፍበት፤ ለንጉሡ «ን»፣ ለደር «ደ»፣ ለፈረስ «ፈ»፣ ለፊል «ፊ»፣ ለመደቅ «መ»። ፈርዝ ዛሬ ንግሥት ሆና በሰሌዳው ሁሉ እንደ ልቧ ትሄዳለችና ለእርሷ «ዝ» ይበቃታል። ሰሌዳው ስምንት በስምንት ሆኖ መሰመር አለበት፤ ዳማ ሲጫወቱበት የነበረው ካርቶን በዚህ ልክ የተሰመረ ከሆነ ሌላ መፈለግ አያስፈልግም።